በወር አራት ማይል

ጆርጅታውንን ብዙዎቻችን የምናውቀው መኪና ማቆሚያ በማጣት ነው። ሰው ለማድረስ ወይም ዕቃ ለመጣል ገብተን ቶሎ ለመውጣት የምንጣደፍበት ሰፈር። ከኤም ስትሪት አንድ ብሎክ ብቻ ወደ ወንዙ ወረድ ብትሉ ግን በድንጋይ ግንብ መካከል የተኛ ጠባብ የውሃ ቦይ ታገኛላችሁ። ከቦዩ ጎን የእግር መንገድ አለ። መንገዱ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ሜሪላንድ ተራሮች ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ ከተማ ድረስ ይዘልቃል። ርዝመቱ 184.5 ማይል፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 297 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እንደመሄድ ቁጠሩት፤ ያውም የዓባይ በረሃ የሌለበት። ከታች እስከ ላይ ያለው የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ ብቻ ስለሆነ ዳገቱ እምብዛም አይሰማም።

እኛ ይህን መንገድ በእግራችን ጨርሰነዋል። አምስት ዓመት ፈጀብን።

ይህን ስናወራ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። የባለቤቴ ጓደኛማ፣ «በቅሎ እንኳ በሳምንት ትጨርሰዋለች» አለን። እውነቱን ነው። መንገዱም የተሠራው ለበቅሎ ነው። በድሮ ጊዜ ከከምበርላንድ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች በዚህ ቦይ ወደ ዋሽንግተን ይወርዱ ነበር። ጀልባው ሞተር የለውም። በቅሎዎች በዳር በዳር እየሄዱ በረጅም ገመድ ይጎትቱታል። አንድ ጉዞ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ባለጀልባው ከነሚስቱና ከነልጆቹ እዚያው ላይ ይኖራል፤ በቅሎዎቹን የሚነዱትም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ ናቸው። በቅሎዎቹ ስድስት ስድስት ሰዓት ይሠሩና ይቀየራሉ፤ ተረኞቹ ሲጎትቱ ሌሎቹ ጀልባው ላይ ያርፋሉ። የማታ ሺፍት ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ለበቅሎዎቹ የተሻለ አሠሪ ነበራቸው ብያለሁ።

ባለቤቴ «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» የሚለውን ተረት ለልጆቹ ያወራላቸው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ማስረዳቱ ሁለት ማይል ወሰደ። በቅሎ ምን እንደሆነች፣ አባቷ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደምታፍርበት፣ ከዚያ ደግሞ የትንሹ ልጄ ጥያቄ፦ «አህያ ምን አለበት?»

ቦዩ ራሱ ታሪኩ የሚገርም ነው። ቁፋሮው የተጀመረው ሐምሌ 4 ቀን 1828 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የመጀመሪያውን አካፋ ያነሱት ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ ናቸው። ሐሳቡ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ለመድረስ ነበር። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ ከምበርላንድ በ1842 ሲደርስ ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው። ኦሃዮ ወንዝ ግን አልደረሰም፤ ከምበርላንድ ላይ ቀረ። እንዲያም ሆኖ እስከ 1924 የጎርፍ አደጋ ድረስ ሠርቷል። ዘግይቶ ደረሰ፣ የታሰበውን ያህልም አልሄደም፣ ግን ለብዙ አሥር ዓመታት የሰው እንጀራ ሆነ። ከባቡሩ ይልቅ ይህ ቦይ ለእኔ የሚቀርበኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ኋላ ላይ ቦታውን የመኪና መንገድ ለማድረግ ታስቦ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ተቃወሙ። ሐሳቡን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆች «ኑ፣ አብረን በእግር እንሂድና እዩት» ብለው ጋበዟቸው። በ1954 ከከምበርላንድ ተነሥተው በስምንት ቀን ዋሽንግተን ገቡ። ብዙ ሰው አብሯቸው ተነሥቶ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ የጨረሱት ግን ዳኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ቦታው በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ስምንት ቀን! ለዳኛው ክብር አለኝ። ግን ስምንት ቀን ተከታታይ ዕረፍት ከየት ይመጣል? እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ኦፍ የማገኘው በየሁለት ሳምንቱ ነው። ባለቤቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳል፣ ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። በወር ከማገኛቸው ሁለት ቅዳሜዎች አንዱ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶ ነው፤ ይህን አበሻ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ። የቀረችው አንዷ ቅዳሜ ነች። ሐኪሙ ባለቤቴን «ስኳርህ ድንበር ላይ ነው፣ ተራመድ» ብሎታል። ልጆቹ ደግሞ አማርኛ ስናወራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር፤ ትልቋ ዘጠኝ፣ ትንሹ ስድስት። መኪና ውስጥ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ግን ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡን ከታች ጀመርን። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ሳያለቅስ ስንት ማይል ይሄዳል? አራት። በወር አራት ማይል፣ በቃ። በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ ቆሟል፤ ዜሮው ጆርጅታውን ውስጥ ከቶምፕሰን ጀልባ ማከራያ ጀርባ ነው። ያቆምንበትን ምሰሶ ልጄ ፍሪጅ ላይ በለጠፍነው ወረቀት ታቀልማለች፤ በሚቀጥለው ወር ከዚያው ነው የምንነሣው። ሌላ አንድ ደንብ ነበረን፦ ያለፈ ወር ዕዳ የለውም። አንድ ወር ከቀረ በቀጣዩ ስምንት ማይል አንሄድም። ሰው ያመለጠውን ለማካካስ ሲል ነው የሚሰለቸው። ጂም ተመዝግቦ የተወ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

አካሄዳችን እንዲህ ነበር። ባለቤቴ እኔንና ልጆቹን መነሻው ላይ ያወርደናል፤ መኪናውን ይዞ አራት ማይል ወደፊት ሄዶ ያቆምና በእግሩ ወደ እኛ ይመጣል። መሐል ላይ እንገናኛለን፤ አብረን ወደ መኪናው እንሄዳለን። ከሌሊት ሥራ በኋላ መንዳት ስለማልችል ሁልጊዜ ሹፌሩ እሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ጣጣ ያመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ሰው የበዛባቸው ናቸው። ብስክሌት፣ ሯጭ፣ ውሻ። ማይል 14 አካባቢ ግሬት ፎልስ ትደርሳላችሁ፤ ፖቶማክ በቋጥኝ መካከል እየተሰበረ የሚወርድበት ቦታ ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ መግቢያ ይከፈላል፣ ግን ሽንት ቤትም የሚታይ ነገርም አለ። ጀልባ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ሎኮች ልጆች የሚረዱት እዚህ ነው። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ሲሞላ ጀልባው እንደ ሊፍት ይነሣል። በመንገዱ ሙሉ 74 እንዲህ ያሉ ሎኮች አሉ። ልጄ ሁሉንም ቆጥራለች።

ከሴኔካ በኋላ ሰው ይሳሳል። ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች፣ ውሃ ውስጥ በአንድ እግሩ የቆመ ትልቅ ወፍ፣ አጋዘን። መዥገርም አለ፤ ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን እግርና አንገት ሳታዩ አታስተኙ። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙስ ሻይ ነው። በሶ ይዤ የሄድኩ ዕለት ትልቋ «ሲሚንቶ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ከሦስት ማይል በኋላ ግን ሁለት ጭብጥ በላች።

ማይል 42 ላይ ያለውን የሞኖከሲን ድልድይ ለማየት ብቻ እንኳ መሄድ ይገባል። ሰባት ቅስት ያለው፣ 516 ጫማ የሚረዝም የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በ1833 ነው ያለቀው። የተሠራው ውሃ ለማሻገር ነው። ከሥር ወንዝ ይሄዳል፣ ከላይ ቦዩ ከነጀልባው ይሻገር ነበር። ትንሹ ልጄ ወንዝ በወንዝ ላይ ሲሻገር ማሰብ አቅቶት ተቀምጦ በቆሎው ሠርቶ አሳየን።

ሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ ከብራንስዊክ ትንሽ አለፍ ብለን ነበር። የባለቤቴ እናት አገር ቤት አረፉ። መሄድ አልቻለም። ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ፤ ሰው ገባ ወጣ፣ ወንበር ተበድረን፣ ቡና ሳይቋረጥ። እንግዳው ሲያልቅ ወሩም ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ማንም መንገዱን አላነሣም። ልጄ ግን ወረቀቱ ፊት ቆማ ስታይ አባቷ አየት። ጃኬቱን አነሣና «አንድ ማይል» አለ። በረዶ ነበር። መኪናውን አቁመን አራታችንም አንድ ማይል ሄደን አንድ ማይል ተመለስን። ሲሄድ ዝም ብሎ ነበር፤ ሲመለስ እናቱ ከገበያ ሲመለሱ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚያዜሙ ለልጆቹ ነገራቸው። እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ያን ወር ወረቀቱ ላይ የተቀለመችው አንዲት ሳጥን ብቻ ናት።

ልጆቹ ሲያድጉ እርምጃውም አደገ። ማይል 124 ላይ ካለችው ሃንኮክ በኋላ ሌላ ቤተሰብ ተቀላቀለንና በሁለት መኪና መሄድ ጀመርን። መንገዱ ከቤት ሲርቅ አንዳንዴ አድረን ሁለት ቀን እንሄዳለን። ፓው ፓው የሚባለው ዋሻ የደረስነው እንዲህ ነው። ፓው ፓው የዚያ አገር ፍሬ ስም ነው፤ ፓፓያ እንዳይመስላችሁ። ዋሻው ተራራ ሰንጥቆ 3,118 ጫማ ይሄዳል፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ያዙ። በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ በ1836 ተጀመረ፣ ገንዘብ አለቀ፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ፤ ያለቀው በ1850 ነው። በውስጡ የሚያልፈው አንድ ጀልባ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ጀልባዎች መሐል ላይ ተገናኝተው «አንተ ተመለስ፣ አንተ ተመለስ» ሲባባሉ ቀናት አለፉ፤ በመጨረሻ የቦዩ ሰዎች የበቆሎ አገዳ አቃጥለው በጭስ አስወጧቸው ይባላል። ልጆቹ ዋሻው ውስጥ ይህንኑ ተጫወቱት፤ ማንም አልተመለሰም።

ባለፈው መኸር ከምበርላንድ ገባን። ማይል 184.5 አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ከዚያው ቦታ እስከ ፒትስበርግ የሚሄድ ሌላ 150 ማይል የእግርና የብስክሌት መንገድ ይጀምራል፤ ቦዩ ሊደርስበት ያልቻለው የኦሃዮ ወንዝ የሚጀምረው ፒትስበርግ ላይ ነው። ትንሹ «እንቀጥል» አለ። ፎቶ ተነሣን። የባለቤቴ ስኳርም ድንበሩን አልተሻገረም፤ ሐኪሙ አሁንም «ተራመድ» ነው የሚለው።

ያኔ ነው ትልቋ ወረቀቷን ያወጣችው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስልክ አላት፣ ጓደኞች አሏት፣ ቅዳሜዋን የምትፈልግበት ብዙ ነገር አላት። ከምበርላንድ ስንደርስ የጋራ ቅዳሜያችን ያበቃል ብዬ በሆዴ ፈርቼ ነበር። «አባዬ፣ አንተ አልጨረስክም» አለችው። ግማሹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሄዶታል፣ ሌላውን ግማሽ መኪና ሲያቆም አልፎታል። በየወሩ የተገናኘንበትን ምሰሶ መዝግባ ይዛለች። 58 ማይል ይቀረዋል።

እሱ ሊስቅ ሞከረ። እሷ ግን አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ብቻቸውን ከጆርጅታውን ጀመሩ፤ መኪናውን አንድ ቦታ ያቆሙና ሄደው ይመለሳሉ። እስካሁን 11 ማይል ሞልተዋል፣ 47 ቀርቷል። ዳቦውንና ሻዩን የምቋጥርላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ከሥራ እንደገባሁ ተኝቼ እጠብቃቸዋለሁ።