ከሰማይ የሚመጣ ጀግና፦ ትዝብት ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ

በኮሚክ መጽሐፍ ውስጥ የሚበር ጀግና ድምፅ የለውም። ካባው ተዘርግቶ፣ እጁ ወደፊት ተወርውሮ ገጹ ላይ ይታያል፤ ጩኸቱን፣ ፍጥነቱንና ከፍታውን የሚሞላለት አንባቢው ነው። ያንን ገጽ ወደ ፊልም የሚያሻግር ሰው ግን ይህን ሁሉ ከአንባቢው ተቀብሎ ራሱ ይወስናል። ሲበር ምን ይሰማል? ካሜራውስ የት ይቆማል፤ ከጀግናው ጎን አየር ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ፣ ቀና ብላ ከምታይ ሴት አጠገብ? ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን አውሮፕላን ሀርጌሳ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ያሰብሁት ይህንን ነበር። እዚህ ከተማ የሚበርን ነገር ከላይ ማየትና ከታች ማየት ፈጽሞ አንድ አይደለም።

*

ኢጋል ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ካረፉት የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ከመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ነው። በኩዌት ገንዘብ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ተከፈተ። አዳራሹ ውስጥ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ ይሰማል። አማርኛው ከሁለት ወገን ነው፤ ለሥራ ከመጡት ከእኛ ልጆችና በስደት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ከተማሩት የሀርጌሳ ሰዎች።

ማኮብኮቢያው ግን ሌላ ታሪክ አለው። በግንቦት 1980 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሀርጌሳ ሲገቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአየር ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ከሩቅ የመጡ አልነበሩም። ከዚሁ ከከተማዋ አየር ማረፊያ ተነሥተው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከተማዋን መትተው፣ እዚሁ ተመልሰው አርፈው እንደገና ይጭኑ ነበር። መሐል ከተማው ላይ በከፍታ የተሰቀለው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ነው። ሌሎች አገሮች የራሳቸውን የድል አውሮፕላን ሐውልት ያደርጋሉ፤ ሀርጌሳ ያቆመችው የመታትን ነው።

የሸሸው ሕዝብ ወደ እኛ መጣ። ጅጅጋ አጠገብ ያለው የሃርትሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

እንግዲህ ሰማዩን ሰንጥቆ የሚመጣ አዳኝ በትልቅ ስክሪን ላይ ለዚህ ከተማ ሰው ሲታይ፣ ከአዳኙ በፊት የሚደርሰው የሚበርረው ነገር ድምፅ ነው። ሆሊዉድ ያ ድምፅ ተስፋ እንዲሆን ወስኖ ነው የሚሠራው። እዚህ ስድሳና ሰባ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ጆሮ ግን ሌላ ነገር ያውቃል።

*

ከዚያው ጦርነት አንድ ሰው አለ፤ አሕመድ መሐመድ ሐሰን ይባላል። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በሐምሌ 1980 ዓ.ም. ሀርጌሳን እንዲደበድብ ታዘዘ። አልደበደበም፤ ሚጉን ይዞ ወደ ጅቡቲ ተሻገረና ባሕር ዳርቻ ላይ አሳረፈው።

ይህን ታሪክ በሥዕላዊ ልብወለድ ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልግ አስቡት። ጀግናው ያደረገው አንድ ነገር አለማድረግ ነው። መጽሐፍ ይችለዋል፤ አንድ ገጽ ሙሉ የእጁ ሥዕል፣ ቀጣዩ ገጽ ሙሉ ከታች ያለችው ከተማ ሥዕል፣ ሦስተኛው ገጽ እንደገና እጁ። አንባቢው የፈለገውን ያህል እዚያ እጅ ላይ ይቆያል። ፊልም ግን የሚሄድበትን ጊዜ የሚወስነው ራሱ ነውና ያንን ዝምታ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጩኸት ለመያዝ ዳይሬክተሩ ልበ ሙሉ መሆን አለበት። የልዕለ ኃያል ፊልም ደግሞ ፍንዳታ ሲያጣ እንደሚደነግጥ አይተናል። እውነተኛው ጀግንነት ያልፈነዳው ቦምብ የሆነበት ፊልም የሚሠራ ሰው ቢገኝ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ብዙ ሰውም አብሮኝ ይቀመጣል ብዬ አምናለሁ።

በእኛ በኩልም የሰማይ ጀግና አለን። በኦጋዴን ጦርነት የተዋጋውና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት የኖረው አብራሪ ለገሠ ተፈራ በክብር የሚነሣ ስም ነው፤ የተፈታውም በዚያው ሀርጌሳ በተደበደበችበት እ.ኤ.አ. 1988 ዓመት ነው። የእሱ ታሪክ ሲነገር ዓይናችን ኮክፒቱ ውስጥ ነው። የሀርጌሳው ሲነገር ዓይናችን መንገድ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያከብር ፊልም መሥራት ይቻላል፤ ካሜራው ከየት ሆኖ እንደሚያይ ሳይወስኑ ግን አይቻልም።

*

ከሥዕላዊ ልብወለድ ወደ ፊልም ስለመሻገር ሲነሣ ሁሌ የሚጠራው «ዎችመን» ነው። አለን ሙር ጽፎት፣ ዴቭ ጊበንስ ስሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በ12 ክፍል ወጣ። ዳይሬክተሩ ቴሪ ጊሊያም ሊሠራው ሞክሮ ለአንድ ፊልም አይሆንም ብሎ ተወው። ዛክ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ2009 ሠራው፤ ብዙውን ትዕይንት ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አንድ በአንድ እያስተያየ ነው የቀረጸው። አለን ሙር ግን ስሙ ከፊልሙ ላይ እንዲነሣ አደረገ።

ስናይደር ታማኝ ነበር፤ ታማኝነቱ ግን ለሥዕሉ ነው። የመጽሐፉ ገጽ በአብዛኛው በዘጠኝ እኩል ሣጥን የተከፈለ ነው፤ አንባቢው በዚያ ረጋ ባለ ምት ይሄዳል። አምስተኛው ክፍል ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንደ መስታወት ራሱን እያየ የተሠራ ነው፤ የፊተኛው ገጽ አቀማመጥ ከኋለኛው ጋር ይገጥማል። ይህን ለማየት ወደ ኋላ መግለጥ ያስፈልጋል፤ ሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ አይገልጥም። ፊልሙ ሥዕሎቹን በቀስታ እያጎላ፣ እጅና እግር ሲሰበር እያደመቀ ሲያሳይ፣ መጽሐፉ ሊያሳፍረን የፈለገውን ድብድብ እንድናደንቀው አደረገ። ሥዕሉ ተሻገረ፤ ሥዕሉን የሚመለከተው ዓይን መጽሐፉ ውስጥ ቀረ። መጨረሻውን መለወጡ ብዙ አከራክሯል፤ እኔ እንደማምነው ከዚህኛው ለውጥ ጋር ሲነጻጸር ያ ቀላል ነው።

*

እኛ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ከማርቭል አልተማርንም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ በ44 ሣጥን ተከፋፍሎ፣ በየሣጥኑ አጠገብ አማርኛ ተጽፎበት በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ኖሯል። ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው መሐል ያለውን መንገድ፣ ሌሊቱንም የጉዞውንም ድካም፣ የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የኮሚክ ጥበብም ዋናው ይኸው ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመኝ ግን የዓይን ሕጉ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ክፉው በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በአድዋ ሥዕሎችም ኢትዮጵያውያኑ ሙሉ ፊት፣ ጣሊያኖቹ የጎን ፊት ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በነጭ ፈረሱ ሰማዩ ላይ ይታያል። ስለ ተዋጊዎቹ ምንም ያልሰማ ልጅ እንኳን ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ሕግ ለካሜራ እንደ ተሠራ ነው። አንድ የእኛ አገር ዳይሬክተር በሙሉ ፊልሙ ውስጥ ክፉውን ገጸ ባሕርይ በጎን ብቻ ቢቀርጸው፣ እና ያ ሰው በሚጸጸትባት ቅጽበት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ካሜራ ቢያዞረው፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳይነገረው ሰውነቱ ያውቀዋል። ለዚህ ኮምፒውተር የሚሠራው ምንም ተአምር አያስፈልግም።

*

«ብላክ ፓንተር» እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን አልደብቅም። ገጸ ባሕርዩን ስታን ሊና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1966 ፈጠሩት። ዋካንዳ የሚባለው አገር በማርቭል ካርታ ላይ የተቀመጠው ከቱርካና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ የእኛ ጎረቤት ማለት ነው። ልብሱን የሠራችው ሩት ካርተር በዚህ ሥራዋ ኦስካር አግኝታለች፤ ይገባታልም።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ወጋው። የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ትልቅ ክብ ሳህን አድርጎ፣ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከንጉሡ ጋር ይቀመጣል። ሐሳቡ የመጣው ከእኛ ከሙርሲና ከሱርማ ነው። በሙርሲ ግን ይህን ሳህን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ከልጃገረድነት ወደ ሴትነት ከመሻገር ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ፊልሙ የነገሩን መልክ ወስዶ ባለቤቶቹን ሴቶች ከቦታቸው አነሣ። ለዓይን ያምራል፤ ከኦሞ የምትመጣ አንዲት እናት ብታየው ግን ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ልብወለድ አገር ስለሆነ ነፃነት አለው የሚል መልስ ይኖራል። ነፃነቱን እቀበላለሁ። ያ ነፃነት ሁልጊዜ በፎቶግራፍ ብቻ በሚታወቁ ሰዎች ላይ ሲያርፍ ግን አልቀበልም።

*

ድምፅ። ሀርጌሳ ላይ ስለ ድምፅ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። የራዲዮ ሀርጌሳ ሰዎች ድብደባው ሲመጣ የዘፈንና የተውኔት ካሴቶቻቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው አተረፏቸው። ዛሬ ከተማው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ከተማው ሲፈርስ መጀመሪያ የተቀበረው ድምፅ ከሆነ፣ እዚህ የሚሠራ የጀግና ፊልም ጭምብል ከመስፋቱ በፊት ድምፅ መፈለግ አለበት።

እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ካነበበው በኋላ በዛብህና ሰብለ ወንጌል በብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ የእሱን ድምፅ ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ገጸ ባሕርያቱን የሚጫወት ሁሉ ከመልክ ይልቅ ከዚያ ድምፅ ጋር ነው የሚወዳደረው።

*

የራሳችን ልዕለ ኃያል ጀግና በኮሚክ የመጣው ዘግይቶ ነው። የበስራት ደበበ «ጀምበር» እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ፤ አሳታሚው እሱ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ ነው። «ሐዊ» የተባለችው ሴት ጀግና ተከተለች። በአኒሜሽን በኩል ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠራችው ብሩክታዊት ጥጋቡ «ጥበብ ገርልስ»ን አመጣች፤ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለ ጎጂ ልማድ ይዋጋሉ። እነዚህ ልጆች የሚዋጉት ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ፍጡር ጋር አለመሆኑን እወድላቸዋለሁ። ጠላታቸው ጎረቤት ቤት አለ፤ ዘመድም ነው።

ስለ ገንዘብ እንነጋገር። «ብላክ ፓንተር» ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በዚያ ሜዳ መወዳደር አንችልም፤ መሞከርም የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የስፓይደርማን አኒሜሽን፣ «ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስ»፣ ከብዙዎቹ ውድ ፊልሞች ይልቅ ለኮሚክ የቀረበው በሌላ ምክንያት ነው። የኅትመት ነጠብጣቡን፣ የሣጥኑን መስመር፣ የጽሑፉን ፊደል ስክሪኑ ላይ አልሸሸገም። ወጣቱ ማይልስ ገና ኃይሉን ሳይለምድ እንቅስቃሴው በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ነው፤ አጠገቡ ያለው ልምድ ያለው ስፓይደርማን 24 ነው። ልጁ ሲንተፋተፍ ምስሉ ራሱ ይንተፋተፋል። እርግጥ እሱም ብዙ ገንዘብ ፈጅቷል፤ ሐሳቡ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

*

«ጀምበር» ሲጀምር አማኑኤል ጥላሁን የሚባል ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ይፈልጋል። ኃይሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም ልውሰድ የሚል ፕሮዲዩሰር ቢመጣ የመጀመሪያ ምክሩን ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ ሥራ ፍለጋውን አሳጥሩት፣ በአሥረኛው ደቂቃ ኃይሉን ስጡት ይላል። እኔ ግማሽ ሰዓት ስጡት እላለሁ። አራት ኪሎ ሂዱ፤ ጋዜጣ እየተከራዩ የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብቡት ተመራቂዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚሠራ መድረክ፣ የሚሰፋ ልብስ አያስፈልግም። ካሜራውን በእነሱ ዓይን ልክ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ኃይሉ ሲመጣም እዚያው ከፍታ ላይ ይቆይ።