የእናቴ ድሪቶ

ሰው ችግር ሲደርስበት የሚደገፍበትን ነገር ይሻል። አንዱ ፊቱን ወደ ጸሎት ይመልሳል፤ ሌላው ወደ ወዳጅ ዘመድ ይሄዳል፤ አንዳንዱም በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። እናቴ ግን መርፌና ክር ታነሣ ነበር። ይህ ልማዷ በልጅነቴ ያሳፍረኝ እንደ ነበረ ዛሬ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ትርጉሙ የገባኝ የመከራ ቀን በእኔም ላይ በመጣ ጊዜ ነው።

ያደግሁት ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ነው። በአጋሮና በአካባቢዋ፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ የሰው ኑሮ ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ነጭ አበባ ይለብሳል፤ መኸር ሲደርስ ፍሬው ይቀላል፤ ለቀማውም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። የልጆች ልብስ፣ የሠርግ ወጪ፣ የባለሱቁ ዱቤ፣ ሁሉም «ቡና ሲደርስ» ተብሎ ይቀጠራል። ስለዚህ ቡናው ሲታመም ሰውም አብሮ ይታመማል።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሆነው ይኸው ነው። በኬንያ ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በሀገራችን መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ እኛ ማሳ ደረሰ። በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ እየሰፋና እየጐደጐደ ፍሬውን ያበሰብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬው ወይ ይረግፋል፣ ወይም ጠቁሮ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይደርቃል። አባቴ ለቀማው ከመድረሱ በፊት አሥር ባዶ ጆንያ ገዝቶ ከቤታችን ጥግ ደርድሮ ነበር። በዚያ ዓመት የሞሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

መከራ ብቻውን አይመጣም እንደሚባለው፣ በዚያው ወራት የሦስት ዓመት ታናሽ እኅቴ በወባ ሞተች። አባቴ ከማሳው ሲመለስ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና እሳቱን እያየ ያመሻል እንጂ አይናገርም። እናቴም ለብዙ ቀን አልቅሳ፣ እንባዋ የደረቀ በመሰለበት በአንዱ ምሽት፣ ተነሥታ ከባዶዎቹ ጆንያዎች ሁለቱን አወረደች። ስፌታቸውን ተርትራ ዘረጋቻቸውና ጎንና ጎናቸውን አጋጥማ ሰፋቻቸው። ከዚያም የእራፊ ጨርቅ ቋጠሮ ፈትታ እንደ ቡና ለቃሚ ትመርጥ ጀመር። ጉልበቱ የተቀደደው የአባቴ ካኪ ሱሪ፣ ያለቀ የአቡጀዲ አንሶላ፣ የጠበበኝ የትምህርት ቤት ልብሴ፣ የነጠላ ጥለት፣ ሁሉም እየተቆረጠ በጆንያው ላይ ይቀመጥ፣ በመርፌም ይያዝ ነበር። ድሪቶ እየሠራች ነበር።

በቋንቋችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ክብር የለውም። ድሪቶ ለባሽ ማለት ድኻ፣ ጎስቋላ ማለት ነው። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ወደ ቤታችን መጥታ ያንን ያልተጨረሰ ልብስ አይታ በማግሥቱ ለሌሎች ልጆች ነገረች፤ ሳቁብኝም። ማታ እያለቀስሁ፣ «እማዬ፣ እንደ ሰው ብርድ ልብስ ለምን አንገዛም?» አልኋት። እናቴ አልተቆጣችም። መርፌውን ከጨርቁ ላይ ሰክታ፣ «ልጄ፣ ብርድ ልብሱን የምንገዛበት ገንዘብ የለም፤ ይህን ታውቂያለሽ። እኔ ግን የምሰፋው ለብርዱ ብቻ አይደለም። የዘንድሮን መከራ በሙሉ ተሸከሚ ብባል አልችልም፤ አንድ እራፊ ግን እችላለሁ። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ደግሞ አንዱን» አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም፤ እርሷም ልታስረዳኝ አልደከመችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። እናቴ በኩራዝ ብርሃን ስትሰፋ ክሩ ከመርፌው ዐይን ወጣባትና ብርሃኑ አንሶ መልሳ ለማስገባት ተቸገረች። አባቴ ሳይናገር ከበርጩማው ተነሣ፤ ኩራዙን አንሥቶ ወደ እጇ አስጠጋላት። እስክትጨርስም ድረስ ይዞላት ቆመ። በማግሥቱ ምሽት እራፊውን ይቆርጥላት ጀመር። በሦስተኛው ቀን፣ «ይኼ ካኪ ከዚያኛው ጋር አይሄድም» ሲል ሰማሁት። ከስንት ሳምንት በኋላ ከአፉ የወጣ ረጅም ንግግር ይህ ነበር።

የእኅቴ ቢጫ ቀሚስ ከሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እናቴ እርሱን የነካችው ድሪቶው ሊያልቅ ሲል ነው። አንድ እሑድ አወጣችው፤ ለረጅም ጊዜ በጭኗ ላይ ይዛው ቆየች፤ ከዚያም ሳትቆርጠው እንዳለ ከመካከል አስቀምጣ ዙሪያውን ሰፋችው። ከዚያ በፊት በቤታችን የእኅቴን ስም የሚጠራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ማታ ማታ ድሪቶው ሲዘረጋ፣ «ቢጫውን ወደ ላይ አድርጊው» እንባባል ነበር። ስሟ ወደ ቤት የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በመልኮ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ስለ ተሠራው ሥራ ሳነብብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ተመራማሪዎቹ በሽታው ባጠቃቸው የቡና አገሮች እየዞሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ጠቁረው እነርሱ ጤናማ ሆነው የተገኙትን ዛፎች አንድ በአንድ መረጡ፤ ዘራቸውንም ፈትነው ለገበሬው አደሉ። 741 እና 74110 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ምርጫ ውጤቶች ናቸው፤ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ከጠፋው መካከል የተረፈውን ፈልጎ ማግኘትና ከእርሱ እንደገና መጀመር! እናቴ በእራፊ ጨርቅ የሠራችውም ይህንኑ ነበር።

እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ በጅማ አስተማሪ ሆንሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ። ድሪቶውን እናቴ ስታርፍ ወረስሁት፤ ነገር ግን ከሣጥን ሥር አስቀምጬ ረሳሁት።

ከዚያም የ1994 ዓ.ም. ችግር መጣ። የቡና አምራችና ገዢ አገሮች ዋጋውን በኮታ ይደግፉበት የነበረው ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ፈርሶ ነበር። በኋላም ቬትናምን የመሳሰሉ አገሮች ብዙ ቡና ወደ ገበያ በማቅረባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ይህ ቁጥር ሩቅ ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን በእግሩ ገባ። ባለቤቴ ተበድሮ ጀንፈል ገዝቶ ነበር። የገዛበትን ዋጋ ግማሽ እንኳ የሚሰጠው ጠፋ። ቤታችንን ሸጥን፤ እርሱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ እኔ ከሦስት ልጆች ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ቀረሁ። ቀን አስተምራለሁ፤ ሌሊት ግን ዕዳውን ስደምርና ስቀንስ ይነጋል። የተማሪዎቼ ደብተር ሳይታረም ይከመር ጀመር። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር ከየት እንደ ጀመረ ጠፋኝ።

በዚያው ሰሞን ሌሊቱ ሲበርድ ለልጆቼ የማለብሰው ፈልጌ ሣጥኑን ስከፍት ድሪቶውን አገኘሁት። ጠርዙ ተተርትሯል፤ አንደኛው እራፊም ተገንጥሏል። መርፌ ፈልጌ ተቀመጥሁ። የጆንያው ክር ሻካራ ስለ ሆነ መርፌው እየተንገዳገደ ነው የሚያልፈው፤ እጅ ካልተጠነቀቀ ይወጋል። ስለዚህ ሐሳብ ወዲያና ወዲህ ሊሄድ አይችልም፤ ዐይንን ተከትሎ ወደ መርፌው ጫፍ ይሰበሰባል። አንዲት እራፊ ሰፍቼ ስጨርስ አንድ ሰዓት ያህል ዕዳውን ሳልቆጥር መቆየቴን ተረዳሁ። ሁለተኛዋን ጀምሬ እንቅልፍ መጣብኝና መርፌውን በጨርቁ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ጧት ስነሣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ዕዳውን ሳይሆን ያቺን ግማሽ የቀረች እራፊ ነበር። የእናቴ ንግግር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የተጀመረ ሥራ ለነገ ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ ለመንጋቱ ምክንያት አለው።

አንዲት ጎረቤቴ፣ ባሏ እንደ ባለቤቴ በቡና ንግድ የከሰረ፣ ስሰፋ አይታኝ የራሷን እራፊ ይዛ መጣች። ሌላዋም ተከተለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እንሰፋ ጀመር። ቡናው ዋጋ ቢያጣም ቡና መጠጣት አልቀረም፤ እስከ በረካው እየጠጣን፣ እጃችን ሥራ ስለያዘ አፋችን ያለ ሐፍረት ስለ ችግራችን ይናገር ነበር። ዐይን ለዐይን ሲተያዩ የማይወጣ ነገር ወደ መርፌ አቀርቅረው ሲሆን ይወጣል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት ጊስ ቤንድ በሚባል የገጠር መንደር የሚኖሩ፣ አያቶቻቸው በባርነት የተገዙ ጥቁር ሴቶች፣ ከአሮጌ የሥራ ልብስ ድሪቶ የመስፋት የቆየ ልማድ አላቸው። ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የእርሻ ልብሶቹን ቆራርጣ አንድ ድሪቶ ሰፋች፤ በእርሱ እያሰበችው ልትለብሰው። የእነዚህ ሴቶች ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ታላላቅ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክሮች ለሕዝብ ታይተዋል። ይህን ሳነብብ ቢጫው ቀሚስ በዐይኔ ላይ ሄደ። የማይተዋወቁ ሁለት እናቶች፣ በሩቅ አገር፣ አንድ ነገር አድርገዋል።

እውነቱን ለመናገር ድሪቶው ዕዳችንን አልከፈለም። ዕዳው ያለቀው በብዙ ዓመት ደመወዝ ነው። ኀዘን እጅግ የጠናበት ሰውም መርፌ ብቻ አይበቃውም፤ የሰው እርዳታ፣ የሐኪምም ምክር ያስፈልገዋል። ነገር ግን ያ ሥራ በእግሬ አቆመኝ። ደብተሮቹን እንደ እራፊዎቹ በቀን ጥቂት ጥቂት እያልሁ አረምኋቸው። ኋላም መጽሐፍ ወደ ማዘጋጀት ሥራ ስዛወር አንድ ምዕራፍ በከበደኝ ጊዜ ሁሉ አንድ አንቀጽ ብቻ ጽፌ፣ ሁለተኛውን ጀምሬ፣ መርፌዬን በዚያው ሰክቼ መነሣትን ተማርሁ። ባለቤቴም ተመለሰ፤ በመጀመሪያው ማታ ድሪቶውን ሲያለብሱት ልጆቹ፣ «ቢጫው ወደ ላይ ነው» ብለው አስተማሩት።

በቋንቋችን «ጠቀመ» የሚለው ግስ ሁለት ፍች አለው። አንዱ ረዳ፣ በጀ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በመርፌ ሰፋ ማለት ነው። ብዙ ዓመት ግስ ሳስተምር ሁለቱ ፍቾች ለየብቻቸው የቆሙ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ግን የተተረተረውን ጠርዝ ለመጥቀም መርፌ ባነሣሁ ቁጥር፣ እናቴ በአንዱ ቃል ሁለቱንም ፍቾች ትሠራ እንደ ነበር አስባለሁ።