ዶዮገና፦ የእንሰት አገርና የእናቶች ወገብ

ከሆሳዕና በአረካ በኩል ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለያዘ ሰው ዶዮገና ሩቅ አይደለችም። ሚኒባሱ ከፍታውን ሲይዝ ብርዱ ጠንከር ይላል፤ እንሰቱም ይበዛል። እዚህ እንሰት ቤቱን ከነአጥሩ ስለሚሸፍነው፣ ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከቅጠሉ በላይ ጭሱ ብቻ ይታየዋል። ተዳፋቱ በእርከን ተሸንሽኖ ደሾ ሳር ተተክሎበታል። በአገሩ ስም የሚጠራው ባለ ረዥም ላት በግም በየደጁ ታስሮ ይግጣል።

ባለቤቴ የዚህ አገር ልጅ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ስላደግሁ እንሰትን የማውቀው ከክትፎ ጋር በሚቀርብ ቆጮ ብቻ ነበር። ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። ዘንድሮ ለመስቀል የሄድነው ግን ለበዓሉ ብቻ አልነበረም። እማማን ወገባቸውን ካመማቸው ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸውም “አዲስ አበባ መጥተው ይረፉ” ብለው ወስነዋል። ማረፍ ማለት እንሰቱን፣ በጎቹን፣ ዕድሩንና ጎረቤቱን ትቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ ነው። እሳቸው አልተቃወሙም፤ ዝም ነው ያሉት። ለእኔ የከበደኝ እሱ ዝምታ ነው።

የእንሰት ሥራ በአብዛኛው በሴት ጫንቃ ላይ ነው። ሴትየዋ መሬት ላይ ትቀመጥና የተሰነጠቀውን ግንድ ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ በአንድ እግሯ ወጥራ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። አንዱ እግር ከፍ ይላል፣ ሌላው ይታጠፋል፣ ወገብ ይጎብጣል። ሥሩ ይከተከታል፤ የተፋቀው ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባና ይብላላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቆጮውና ቡላው የሚገኘው። በዚህ ላይ ውኃው፣ እንጨቱና ወሊዱ አለ። እማማ ሰባት ልጆች ወልደዋል።

ሕመሙ ሲጀምራቸው የሰፈሩ ሰው “ዲስክ ነው” አለ። ዛሬ ወገብ ሁሉ ዲስክ ሆኗል መሰለኝ! ወጌሻ አሻቸው፤ ክኒን ተገዛ፤ “አትንቀሳቀሱ” ተብለው ሁለት ወር ተኙ። ሲነሱ ሕመሙ ብሶ ጠበቃቸው።

በመስቀል ማግስት ሆሳዕና ወስደናቸው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየቻቸው። መጀመሪያ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “እማማ፣ የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ያሳዩኝ።” ጣታቸው ያረፈው ወገባቸው ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ ከቀኝ መቀመጫቸው በላይ ባለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ አጠገብ ነው። ከዚያ አስተኝታ ዳሌያቸውን ከጎን እየተጫነች፣ ጭናቸውን ወደ ታች እየገፋች መረመረች። እንዲህ ያሉት ፈተናዎች አምስት ያህል ሲሆኑ፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ያንኑ የታወቀ ሕመም ከቀሰቀሱ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ራጅ ብቻውን ብዙ ጊዜ መልስ አይሰጥም።

የተጠረጠረው ሰክሮኢሊያክ የሚባለው መገጣጠሚያ ነው። ከአከርካሪው ግርጌ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ከግራና ከቀኝ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ማለት ነው። እንቅስቃሴው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም የላይኛው አካል ክብደት ወደ እግር የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። በእርግዝና ጊዜ ጅማቶቹ ስለሚላሉ ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ይታመማሉ። ምልክቱም ከመቀመጫ ሲነሱ፣ ዳገት ሲወጡ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ በአንድ ጎን መውጋቱ ነው።

ሕክምናው አስደነቀኝ፤ ማሽን የለውም። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ፣ የታጠፈ ጋቢ በጉልበቶች መካከል መጭመቅ፣ መቀመጫን ቀስ ብሎ ከምንጣፉ አንስቶ እስከ አምስት መቁጠር፣ አሥር ጊዜ። በየቀኑ በሜዳ ላይ መራመድ። አልጋ ላይ ሲዞሩ ሁለቱን ጉልበቶች አንድ ላይ ማዞር። መቀነታቸውንም ለሥራ ጊዜ ከወገባቸው ዝቅ አድርገው ዳሌያቸው ላይ ጠበቅ እንዲያደርጉ አሳየቻቸው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይደለም፣ ጡንቻው ራሱ መሥራት አለበት። እንሰት መፋቅን አልከለከለችም። ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እግር እያቀያየሩ፣ በየመሃሉ እየተነሱ ይፋቁ አለች። ለስምንት ወር የጠፋው ፈገግታቸው የተመለሰው ይህን ሲሰሙ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። በታኅሣሥ ወር 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ለቆየ ወገብ ሕመም እንቅስቃሴንና ትምህርትን ሲመክር፣ የወገብ ቀበቶን በዘልማድ ማሰር ግን አልደገፈም። እማማ የታዘዘላቸው የዳሌ እሰር ከዚህ ይለያል፤ የታሰበውም ለጊዜው ነው።

ሁሉም ወገብ ግን በስፖርት አይታለፍም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም እግር ከዛለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ያለ ምክንያት መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል። አረጋውያን ከወደቁ በኋላ የጀመራቸውን ሕመም “ቅጭት ነው” ብላችሁ አትለፉት።

እኛ ስንመለስ እማማ ልምምዱን በሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ ይሠሩ ነበር፤ የሚቆጥርላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ አንዳንዴም አምስትን ይዘላል። ሕመሙ አልጠፋም፤ ሌሊት ግን መገላበጥ ጀምረዋል። እንሰቱን የሚነቅል ሰው ልጆቹ ይከፍላሉ፣ ውኃውን በትንሽ ጀሪካን ከፍሎ የሚያመጣው ልጁ ነው። የአዲስ አበባው ጉዳይ እስከ ገና ተራዝሟል። መኪናው ሊነሳ ሲል ለእኛ የተዘጋጀው የቡላ ጥቅል ደጅ ላይ ነበር። እማማ ጎንበስ አሉና መልሰው ቀና ብለው ባለቤቴን ጠሩት፦ “አንተ፣ ና አንሣው!”