ቅዳሜ ማታ የት እንሂድ?



ስለ መጠጥ ቤት ሲነሳ ዘወትር የሚወራው ስለ ብርጭቆው ነው። ኸምር ሐራም መሆኑን የማያውቅ የሙስሊም ልጅ ግን የለም፤ ገና ፊደል ሳይቆጥር ከእናቱ አፍ ሰምቶታል። እኛ ዛሬ ልናወያያችሁ የፈለግነው ስለ ወንበሩ ነው። የማይጠጣ ሙስሊም ወጣት መጠጥ ቤት ገብቶ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው ምን ፈልጎ ነው? ይህን ጥያቄ ራሳችን ፈልገን ያመጣነው አይደለም፤ በሥራ አጋጣሚ አንድ ትልቅ ድራፍት ቤት ገብተን ከገዛ ልጃችን አፍ የሰማነው ነው።

ይህን የምንጽፍላችሁ በግ በመነገድ የምንተዳደር ሁለት ወንድማማቾች ነን። አገራችን ግሼ ራቤል ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ያደገ ሰው መጠጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከተማ መውጣት አያስፈልገውም። ገብሱም፣ ብቅሉም፣ ጌሾውም በየቤቱ አለ፤ ጠላ ለደቦውም፣ ለሠርጉም፣ ለማኅበሩም ይጠመቃል። እኛ ሙስሊሞቹ በደጋው ላይ በቁጥር ጥቂት ብንሆንም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን አርሰናል፣ አብረን አጭደናል፣ አብረን ቀብረናል። ታዲያ ጠላው በተጠመቀበት ደግስ ላይ ለእኛ ማር በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ይቀመጥልናል። ፍሪዳው ሲጣል ለእኛ በግ ተለይቶ፣ ቢላዋው ተሰጥቶን፣ «ቢስሚላህ» ብለን ራሳችን እናርዳለን። እኛም በተራችን በጾማቸው ቀን ቤታችን ለመጣ ጎረቤት ሽሮውን ለይተን እናቀርባለን። ይህ ለይቶ የማቅረብ ወግ አባቶቻችን ያቆዩልን ትልቅ ጥበብ ነው። ማንም ሃይማኖቱን አይጥልም፤ ማንም ጎረቤቱን አያጣም።

ከተማ ግን ሌላ ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም፣ ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ 30 የመንዝ በግ ይዘን ደብረ ብርሃን ገባን። በጎቹን ከራቤል በጓሳ ሜዳ አቋርጠን፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አድርገን፣ በጣርማ በር በኩል ነበር በመኪና ያመጣናቸው። ደብረ ብርሃን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መናገሻቸው ያደረጓት ጥንታዊ ከተማ ናት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲም፣ ፋብሪካም ያላት ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ ከ2007 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮም ሐበሻና ዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች ሥራ ጀምረውባታል። ለብዙ ዓመታት በጋችንን የሚረከበን የአዲስ አበባ ደንበኛችን በጎቹን ጠዋት ተረከበና ቀሪውን ሒሳብ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት መሐል ከተማ እንደሚያስረክበን ነገረን። በቀጠሮው ሰዓት ስንደውልለት ጫጫታ እንጂ ድምፁ አልሰማ አለን። በመጨረሻ የቤቱን ስም ነገረን። በሌሎች ከተሞችም ቅርንጫፍ እንዳለው የሚነገርለት ድራፍት ቤት ነበር። ብር ለመቁጠር ያግዘን ብለን በዩኒቨርሲቲው የሚማረውን የሟች ወንድማችንን ልጅ ይዘን ሄድን።

የቤቱን ሁኔታ በሐቅ እንንገራችሁ። ውጭው የጥር ብርድ ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ የጥር ብርድ ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ውስጡ ግን ይሞቃል። መብራቱ ደማቅ ነው። በአራቱም ግድግዳ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ የእንግሊዝ ክለቦች ኳስ ይጫወታሉ። አስተናጋጆቹ በአንድ እጃቸው አራትና አምስት ጃምቦ ጨብጠው በሰው መካከል ይሽሎከለካሉ። ጥብሱ ይንጫጫል፤ ጎል ሲገባ ቤቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ባዶ ወንበር አልነበረም። ብቻውን የተቀመጠ ሰውም አላየንም።

ደንበኛችን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘነው። ገና ሲያየን ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ግቡ እንጂ! ብርዱ አይደል እንዴ? ለእናንተ ለስላሳ ነው የማዝላችሁ» አለ። ሰውየው ክፉ አላሰበም፤ አክብሮ ነው የጋበዘን። ነገር ግን በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ኸምር በሚቀዳበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተላልፏል። ማዕዱ ላይ ደግሞ አራት ጃምቦ ተደርድሯል። በሌላ በኩል የስንት ወር ድካማችን በዚያ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ዓመታት የቆየ ደንበኝነትም አለ። ታላቃችን እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፣ አክብረህ ስለ ጠራኸን አላህ ያክብርህ። መጠጥ ባለበት ማዕድ ግን አንቀመጥም። ማዶ ካለው ሻይ ቤት እንጠብቅህ፤ አንተም ጨዋታህን ጨርሰህ ና።»

ከጓደኞቹ አንዱ ፊቱን አጥቁሮ፣ «ለስላሳ ጠጡ ነው የተባላችሁት! ይህን ያህል ማክረር ምንድን ነው?» አለን። ደንበኛችን ግን ጃምቦውን እንዳለ ትቶ ተነሣ። «ተዋቸው፤ እኔ በጾም ቤታቸው ስሄድ ሽሮ ለይተው የሚያቀርቡልኝ ሰዎች ናቸው» አለው። ያ የአባቶች ወግ በድራፍት ቤቱ መካከል ቆሞ መሰከረልን። ማዶ ተሻግረን ሻያችንን እየጠጣን ሒሳባችንን ዘጋን።

ሊያስጨንቀን የመጣው ነገር ገና ከኋላ ነበር። ከደንበኛችን ጋር ስንነጋገር የወንድማችን ልጅ ከኋላችን ቆሞ ቴሌቪዥኑን ያይ ነበር። ከጥጉ ወንበር አራት ወጣቶች በስሙ ጠሩት። ሦስቱ ከሸዋ ሮቢትና ከከሚሴ የመጡ ሙስሊም ተማሪዎች መሆናቸውን በኋላ ነገረን። በሦስቱ ፊት አልኮል የሌለው የብቅል መጠጥ ነበር፤ በአራተኛው ፊት ጃምቦ። ሲያዩን ደንግጠው ተነሥተው ሰላም አሉን፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክሏል፤ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በዚያ ቤት በር ላይ ግን ዕድሜውን የተጠየቀ ወጣት አላየንም።

ደንበኛችንን ከሸኘን በኋላ ልጁን በቁጣ ሳይሆን በዝግታ፣ «አንተም እዚህ ትመጣለህ?» አልነው። አልዋሸንም። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጠጥቼ ግን አላውቅም» አለ። ቀጥሎም አንገቱን ደፍቶ፣ «ዶርም ይበርዳል። ሻይ ቤቱ በጊዜ ይዘጋል። መስጊዱም ከዒሻ በኋላ ይቆለፋል። ታዲያ አጎቴ፣ ቅዳሜ ማታ የት እንሂድ?» አለን።

ወገኖቻችን፣ ይህ የአመፀኛ ልጅ ንግግር አይደለም። ከእነዚህ ወጣቶች ሦስቱ ቢራ ፍለጋ አልመጡም። የመጡት ሙቀት፣ ብርሃን፣ ኳስና ጓደኛ ፍለጋ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን እነዚህን በነፃ አይሰጥም፤ ዋጋቸው በጃምቦው ላይ ተደምሯል። ዛሬ የብቅል ውኃ ይታዘዛል። ነገ ልደት ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ የምርቃት ደስታ ይሆናል፤ «ለዛሬ ብቻ» የሚል ጓደኛ ይመጣል። አራተኛው ልጅም አንድ ቀን እንደ ሦስቱ ተቀምጦ የጀመረ ሳይሆን አይቀርም።

ቁርኣን ስለ ኸምር የደነገገውን ቅደም ተከተል ስንመለከት ይህን የሰው ጠባይ እናስተውላለን። በሱረቱል በቀራህ ለሰዎች ጥቅም ቢኖርበትም ኃጢአቱ እንደሚበልጥ ተነገረ። በሱረቱ ኒሳእ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳህ ፈጽሞ እንዲራቅ ታዘዘ፤ ሰይጣን በኸምርና በቁማር በመካከላችን ጠላትነትን ሊጥልና ከዚክርና ከሶላት ሊያግደን እንደሚፈልግም ተገለጸ። ያ የመጨረሻው ትእዛዝ በመዲና ሲታወጅ ወጣቱ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በአቡ ጦልሐ ቤት ለተሰበሰቡ ሰዎች መጠጥ ይቀዳ ነበር። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ እንደ ተሰማ ድፋው ተባለ፤ ደፋው፤ በመዲና መንገዶች ኸምር ፈሰሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰዎቹ መጠጡን ደፉ እንጂ እርስ በርስ መሰባሰባቸውን አልተዉም። መስጊዱ ነበራቸው፤ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ የሚቀመጡበት ጉባኤ ነበራቸው፤ የሚገባበዙባቸው ቤቶች ነበሯቸው።

ሙስሊሞች በኋለኛው ዘመንም እንዲህ ያለ ቤት ሠርተዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዮች ለሌሊት ዚክር እንቅልፍ ለማባረር ቡና ይጠጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1511 ኻኢር በይ የተባለው የመካ ሹም ቡናን አስከለከለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎች እንደ ኸምር ጠጪዎች ተሰብስበው ስኒ ይቀባበላሉ የሚል ነበር። ክልከላው ግን አልጸናም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኢስታንቡል የቡና ቤቶች ተከፍተው ሰው ሳይሰክር የሚጫወትበት፣ የሚያነብበት፣ ወሬ የሚሰማበት ቦታ ሆኑ። በእኛም አገር ከአንኮበር በታች ወዳለው የአልዩ አምባ ገበያ የሙስሊም ነጋዴዎች ቅፍለት ከሐረር ቡና ይዞ ይመጣ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና በሸዋ ደጋ የእስላም መጠጥ እየተባለ በክርስቲያኑ ዘንድ ይነቀፍ እንደ ነበር ታሪክ ይናገራል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን እየተለመደ መጣ፤ ዛሬ በመንዝ ቤት ሁሉ ይፈላል፤ ሦስተኛው ስኒም «በረካ» ይባላል። አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ አለ። በአማርኛችን «ቡና ቤት» ስንል አሁን ቢራ የሚሸጥበት ቤት ማለታችን ነው። ስሙ ቀረ፤ ቡናው ወጣ፤ ቢራው ገባ። እንግዲህ ስሙን ወደ ባለቤቱ የመመለስ ሥራ የማን ነው?

በዚያ ሳምንት ያደረግነውን ብንነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ነገሩ ቀላል መሆኑን ለማሳየት ነው። ደብረ ብርሃን የምትኖር እህታችን ቤት ውስጥ ባዶ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ከበጉ ሒሳብ ላይ አንሥተን ከሰል፣ ቡናና ስኳር ገዛን፤ ወለሉ ላይ የመንዝ ባና አነጠፍን፤ ቴሌቪዥኑን ከሳሎን ወደዚያ አዛወርን። እህታችን፣ «ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ በሬ ክፍት ነው፤ ኳስም እዩ፣ ቡናም ጠጡ፤ ዒሻን በጀመዓ ስገዱ» ብላ ላከችባቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስት ልጆች መጡ። በሦስተኛው አሥራ አንድ ሆኑ፤ ሁለት ክርስቲያን ጓደኞቻቸውም ነበሩባቸው። ጎል ሲገባ የሚሰማው ጩኸት ከድራፍት ቤቱ እንደማያንስ እህታችን እየሳቀች ነገረችን። ጃምቦ የያዘው አራተኛው ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ ቀረ። ጓደኞቹ አሁንም ይጠሩታል። በመጋቢት ወር ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን እስኪሸኝ ድረስ ክፍሉ አንድም ቅዳሜ ሳይከፈት አልዋለም።

ውድ አባቶችና እናቶች! ልጃችሁን «ከዚያ ቤት እንዳትደርስ» ብላችሁ ስትከለክሉት መልካም አደረጋችሁ። «ወደዚህ ና» የምትሉበትን ቦታ ደግሞ አሰናዱለት። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። አንድ የሞቀ ክፍል፣ አንድ ጀበና፣ ልጁን ሲያይ ፊቱ የሚፈታ ሰው ይበቃል። የመስጊድ ኮሚቴዎች ሆይ! ከዒሻ በኋላ አንዲት ክፍል ለሁለት ሰዓት ክፍት ብትቆይ የመብራቱ ወጪ ስንት ነው? ወንድሞቻችን ወጣቶች! እናንተም ሌላ ሰው እስኪያዘጋጅላችሁ አትጠብቁ፤ አራት ሆናችሁ ስኳር ማዋጣት ትችላላችሁ። ያ ጥጉ ላይ የቀረው ጓደኛችሁንም አትርሱት። አንድ ጊዜ እንቢ ቢል ደግማችሁ ጥሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ቤቶቻችንን የሚሞቁና የሚናፈቁ ያድርግልን። አሚን!