ድሮ ይሻል ነበር

ስቶክሆልም በኅዳር ወር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመሻል። ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ሌሊት መስሎኝ ፒጃማ የለበስኩበት ቀን አለ። ልጄ «አባዬ፣ ገና ዐሥር ሰዓት እኮ ነው» ብሎ እስኪስቅብኝ ድረስ።

የሄድኩት እሱን ልጠይቅ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ኅዳር ላይ። ካገር ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነበር። የሄደው ምሕንድስና ሊማር ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ትቶት የድምፅ ቀረጻ ተማረ፤ አሁን አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለሰው ስናገር አንደበቴ ይያዛል። ጎረቤት «ልጅህ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደኅና ነው፣ እዚያው ምሕንድስናው ላይ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ ድምፅም ይመሐንደሳል።

ኅዳር 13 ቀን፣ ዓርብ፣ ልጄ ቡና እያፈላ፦

«አባዬ፣ ዛሬ ማታ ጓደኞቼ ይመጣሉ። አዲስ አልበም ወጥቷል፣ አብረን ልናዳምጥ ነው። የሚረብሽህ ከሆነ ግን እኛ ሌላ ቦታ…»

«ምን ዓይነት ዘፈን ነው?»

ትንሽ ዝም አለና «የድሮው» አለኝ።

ገባኝ። አንባቢም እንዲገባው ወደ ኋላ ልመልሰው።

ልጄ የዐሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ በክፍሉ ደጃፍ ሳልፍ ጉድ ሰማሁ። ከበሮው ይወርዳል፣ ጊታሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ሰው ይሁን አውሬ ያልለየለት አንድ ድምፅ ከመሬት በታች አጓራ። በሩን በርግጄ ገባሁ። ሁለት የሰፈር ጓደኞቹ አብረውት ነበሩ። «ይሄን ጅብ ማን አስገባው?» አልኩ። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ አጠፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ውስጥ ያለ ጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ ከፍቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ ባዩ፣ ጸጥታውን እንደ ድል ቆጠርኩት።

«እዚሁ ይምጡ» አልኩት።

ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ስዊድናዊ ነው። ሁለተኛው መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት። ሦስተኛዋ እዚያው ተወልዳ ያደገች የሐበሻ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ ጨዋታዋ ይጥማል። እኔን «ጋሼ» እያለች የሚባባሉትን ሁሉ ታስተረጉመኝ ነበር። እሷ ባትኖር ይህ ጽሑፍ አይኖርም።

ቡድኑ ኦፔዝ ይባላል። የዚያው የስቶክሆልም ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የሚጫወቱት ፕሮግሬሲቭ ሜታል የሚባለውን ነው። ሜታል ማለት ያው የምታውቁት፣ ጎረቤት የሚያጣላው ሙዚቃ ነው። «ፕሮግሬሲቭ» ሲጨመርበት ዘፈኑ ይረዝማል፣ ምቱ መንገድ ላይ ይለዋወጣል፤ ቁጣ ሲሉት ለስላሳ፣ ለስላሳ ሲሉት ቁጣ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን አላቸው። መሪው ሚካኤል ኦከርፌልት ጊታርም ይጫወታል፣ ያቀነቅናልም፤ ግጥምና ዜማውም በአብዛኛው የሱ ነው። ይህ ሰው ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ጥርት ያለ፣ እናቱ ፊት የሚዘፍንበት ዓይነት ነው። ሁለተኛው እኔ ጅብ ያልኩት ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሄሪቴጅ»፣ በእኛ «ውርስ» ልንለው የምንችለውን ዐሥረኛ አልበማቸውን ሲያወጡ ጓሪው ድምፅ የለም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 ለስላሳ አልበም አውጥተው ነበር፤ በሚቀጥለው ግን ተመልሰው አጓርተዋል። አሁን ግን ተከታትለው በወጡት አራት አልበሞች ሰውየው ጥርት ባለው ድምፁ ብቻ ዘፈነ። መድረክ ላይ የድሮዎቹን ሲጫወት ያጓራል፤ ስለዚህ ጉሮሮው አልደከመም። አዲስ ሲሠራ ነው የተወው። አድማጩ ሁለት ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዐሥራ አራተኛው አልበም ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ ላይ ቀድማ በተለቀቀች አንዲት ዘፈን ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። እኔ በደረስኩባት ምሽት ሙሉው አልበም ሊሰማ ነው።

ክርክሩ የተጀመረው ግን ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ነው።

ባለ ጢሙ «ቡድኑ በ2008 ሞቶ ነበር፣ ዛሬ ተነሣ» አለ። በዚያ ዓመት የወጣው አልበም ሰውየው በስቱዲዮ ያጓራበት የመጨረሻው ስለነበረ ነው። ባለ መነጽሩ ቆጣ አለ። እሱ ቡድኑን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ለስላሳ አልበም ነው። «አልተነሣም፣ እጁን ሰጠ» አለ። «ዐሥራ ሦስት ዓመት ስትጮኹበት ኖራችሁ፣ ሰለቸውና የምትፈልጉትን ወረወረላችሁ።» ልጅቱ ደግሞ ሁለቱንም አልተቀበለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቡድኑ አንዱን አልበም በስዊድንኛም በእንግሊዝኛም አውጥቶት ነበር፤ ለሷ ከሁሉ የሚበልጠው የስዊድንኛው ነው። «በገዛ ቋንቋቸው የዘፈኑት እኮ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ይፈርዱ የለም?» አለችኝ። የአማርኛ መምህር ፊት የሚቀርብ ጥሩ ይግባኝ ነው።

ልጄ ዝም ብሎ ኩባያ ያቀርባል።

እኔስ? እኔ ሶፋው ጥግ ተቀምጬ ይህን ክርክር አውቀዋለሁ እያልኩ ነበር። ይህማ የትምህርት ክፍላችን የሻይ ሰዓት ነው! ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም «አደፍርስ»ን ሲያወጣ ስንቱ አንባቢ ግራ ተጋብቶ «ምነው ልብ ወለድ እንደ ወጉ ቢጻፍ» እንዳለ እያነሣን የዚያን ዘመን አንባቢ እንታዘብ ነበር። ቦብ ዲላን ክራሩን ጥሎ ኤሌክትሪክ ጊታር አነሣ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1966 ማንቸስተር ላይ አንዱ ታዳሚ «ይሁዳ!» ብሎ እንደጮኸበትም ለተማሪዎቼ አውርቻለሁ። (ክራር ያልኩት ለጨዋታው ነው፣ ያው ጊታር ነው።) «ደራሲ ራሱን የደገመ ዕለት ጡረታ ወጣ» የምትል አባባልም ነበረችኝ። ተማሪ ፈተና ላይ ሲጽፋት ማርክ እሰጥባት ነበር።

ሥራውን ትቼ ወደ ጋዜጣ ስመጣ ነገሩ በራሴ ደረሰ። «ጋሼ፣ የድሮ ጽሑፍዎ ይሻል ነበር» የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንድ ጊዜ ተናድጄ ያ «የድሮ» የሚሉትን ጽሑፍ ከነደብዳቤዎቹ ከሣጥን አወጣሁት። በዚያው ሳምንት የመጣ አንድ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ «ምነው፣ አጻጻፍዎ እንደ በፊቱ አልሆነልኝም?» ያኔ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር።

አልበሙ ተከፈተ።

ርእሱ «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ነው፤ ኑዛዜ። ታሪኩ የሚሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አንድ ባለጸጋ፣ ቤተሰቡን በጥብቅ ሥርዓት የገዛ አባት ሞቷል። መንታ ልጆቹ ኑዛዜው ሲነበብ ሊሰሙ በትልቁ ቤቱ ተሰብስበዋል። ከነሱ ጋር በፖሊዮ የተጎዳች፣ ቤተሰቡ ያሳደጋት አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ተቀምጣለች። መንታዎቹ በዓይናቸው «ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?» ይባባላሉ። ሰባቱ ዘፈኖች ርእስ የላቸውም፤ እንደ ሕግ ሰነድ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት እየተባሉ ነው የተቆጠሩት። በየአንቀጹ አንድ የቤተሰብ ገመና ይወጣል። ርእስ ያላት ስምንተኛዋና የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ በሷ ውስጥ የሚሆነውን እንዳልናገር ልጅቱ አስምላኛለች።

እዚህ ላይ ተነቃቃሁ። ኑዛዜ እኮ የኛ ነገር ነው! አልጋው ዙሪያ የነፍስ አባት፣ ሽማግሌ፣ ጎረቤት፤ ከሦስት መንደር ማዶ ድንገት ብቅ የሚል ልጅ። ይህን ማን ያስረዳናል? ድምፁ ሲያጓራ ደግሞ ለጆሮዬ የሟቹ ቁጣ መሰለኝ፤ ጥርት ሲል ያልተናገረው ጸጸት። ጄትሮ ታል የተባለው የጥንት ቡድን መሪ ኢያን አንደርሰን እንግዳ ሆኖ ገብቷል፤ ዋሽንት ይነፋል፣ እንደ ሕግ አዋቂም ያነብባል። የኛ ፎካሪ ደረቱን ገልብጦ ሲያቅራራ «ምነው በለሆሳስ ቢናገር» ብለን እናውቃለን? አንልም። ጠላት አለ፣ ደም አለ፣ በለሆሳስ አይባልም። ይህን ዐሥር ዓመት ሙሉ ለምን እንዳላሰብኩት እንጃ።

ሲያልቅ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ባለ ጢሙ ተነፈሰና ፈረደ። «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን ‹ብላክዎተር ፓርክ› አይደለም።» ያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አልበም ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት «ድምፁ ይመለስ» ብሎ ጠብቋል፤ ተመለሰለት፤ አሁን ደግሞ 2001 ራሱ እንዲመለስ ፈለገ። ከ2001 ጋር ምናልባትም ያን ጊዜ ያልነበረው ጢም። ባለ መነጽሩ ደግሞ ለስላሶቹን ክፍሎች ብቻ ቆጥሮ ያዘ።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ኑዛዜ ብዙ ይላል። የምስክር ቁጥር፣ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ሁሉም አለ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ኑዛዜውን ሊሽረውና ሊለውጠው መቻሉ ነው። ወራሽ ነኝ ባይ «ባለፈው ዓመት ለኔ ብለህ ነበር እኮ» ብሎ በቁም ሰው ላይ ክስ አያቆምም። እነዚህ ልጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ባለቤቱ ገና በቁሙ ሳለ ውርስ ይካፈላሉ። ይህን በልቤ ብዬ፣ እውነት ለመናገር፣ ኮራሁ። ለጋዜጣ የሚሆን ነገር አገኘሁ ብዬ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ ኩባያ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

«አንተ ግን ምንም አላልክ» አልኩት።

«ሁለቱንም እወዳለሁ። ሰውየው ሲፈልግ ተወው፣ ሲፈልግ ያዘው። እሱ ያውቃል።»

«ድሮ እንኳ እንዲህ ዝምተኛ አልነበርክም። ድሮ ግጥም በቃልህ ስትወርድ እንግዳ ሁሉ አፉን ከፍቶ…»

ውኃውን ዘጋው።

«አባዬ፣ ስትደውልልኝ ስንት ጊዜ ‹ድሮ› እንደምትል ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አሁን ግን ሳስበው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የደወልኩት ለዚህ ልጅ አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ ፍለጋ ነበር፤ ወንበር ላይ ቆሞ ግጥም የሚወርደውን። ልክ እንደ ባለ ጢሙ፣ እኔም አንድ የቆየ አልበም ይዤ ከዚያ ወዲህ የወጣውን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ግን…» እያልኩ ነበር። ምሕንድስናውን ሲተው ዝም አልኩ እንጂ «ይሁዳ» ያልኩት በልቤ ነው።

«ያን ቅዳሜ ጅብ ያልኩት የነሱ ነበር እንዴ?» አልኩት።

«ታስታውሰዋለህ?» አለ ተገርሞ። ከዚያ «‹ብላክዎተር ፓርክ› ነበር» አለኝ።

«ክፈተው እስቲ።»

«አሁን? አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ክፈተው።»

እርጥብ ፎጣ እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁት። ያው ጩኸት፣ ያው ጅብ። ከዚያ ሳላስበው ከበሮው ተወ፤ ለስላሳ ጊታር ብቻ፣ ሰው ማታ ብቻውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንደሚጫወተው፣ ቀስ እያለ ሄደ። ልጄ ፊቴን ያያል። ያን ቅዳሜ በሩን ሳልበረግድ ጥቂት ደቂቃ ደጃፉ ላይ ብቆም ኖሮ ይህችን ክፍል እሰማት ነበር። አልቆምኩም።

«ይቺ ጥሩ ናት» አልኩት።

«ጩኸቱ ባይቀድማት ጥሩ አትሆንም፣ አባዬ» አለኝ። ሥራው ነው፣ ያውቃል።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን ከዕድር ስንወጣ ያዙኝ። «ልጅህ እንዴት ሆነልህ? ምሕንድስናውን ጨረሰ?»

«ትቶታል። ድምፅ ቀረጻ ላይ ነው የሚሠራው።»

«ውይ!» አሉ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ክንዴን ያዝ አድርገው። «ድሮ እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ ነበር!»

«አሁንም ነው» አልኳቸው።