ከጎንደር እስከ ቆላ ድባ

ጎንደር የሚሄድ ሰው የፋሲልን ግንብ አይቶ፣ ጥምቀተ ባሕሩን ጎብኝቶ ይመለሳል። እኔ ግን ባለፈው የዕረፍት ሳምንት የሄድሁት የቤት ጣጣ ይዤ ነው። ታናሽ ወንድሜ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ተማሪ ሲሆን፣ እናታችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሐኪም ሊሆን ነው ብላ ታምን ነበር። እውነቱን ከጎረቤት በሰማች ጊዜ፣ «ሽንት ቤት ሊያስቆፍር ነው ያስተማርሁት? እንግዲህ ምርቃቱ ላይ አልገኝም!» ብላ ቍርጡን ነገረችን። ይህን ትምህርት እንዲመርጥ የመከርሁት እኔ ነኝ፤ የሸሸግኋትም እኔው ነኝ።

ጎንደር ስደርስ ልጁ የለም። ሊመረቁ የተቃረቡ የጤና ተማሪዎች በየቡድኑ ሆነው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉና፣ የእርሱ ቡድን ቆላ ድባ ወርዷል ተባልሁ። ጕልበቴን ከአገጬ ባጋጠመ ሚኒባስ አዘዞን አልፌ፣ የደንቢያን ሜዳ ቍልቍል ተያያዝሁት። ዋልካው ተሰነጣጥቆ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋ ይመስላል።

ይህ ሜዳ ለትምህርት ቤቱ መወለድ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በደንቢያ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የወንድሜ ሙያ የዚያ የሳኒታሪያኑ ወራሽ መሆኑ ነው።

ቆላ ድባ ላይ ወንድሜን ጫማው በአቧራ ተለውሶ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ቆመህ ከምታየኝ ተከተለኝ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሕፃን በተቅማጥ ሦስት ጊዜ ታክሞ ሦስት ጊዜ ተመልሷል። የጤና መኮንኗ ተማሪ መድኃኒት አዘዘች፤ የላቦራቶሪው ልጅ በማይክሮስኮፕ አሜባ አገኘ፤ ነርሷ ቤቱን ጠይቃ ደረሰችበት። ከዚህ በኋላ ያለው የወንድሜ ፈንታ ነበር።

«እናቴ፣ የምትጠጡት ውኃ ከየት ነው?»

«ከጓሮዬ ነው ልጄ፤ ኵልል ያለ ነው!» አሉ የሕፃኑ አያት።

ወንድሜ ከውኃው ጕድጓድ ተነሥቶ ወደ ሽንት ቤቱ እየቈጠረ ተራመደ። ዐሥራ አንድ እርምጃ! ሽንት ቤቱም ከላይ፣ ውኃው ከታች። ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ ያውም ከውኃው በታች በኩል መሆን እንደሚገባው ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ለጊዜው ውኃውን አፍልተው እንዲያጠጡም ነገራቸው።

«እስከ ዛሬ መድኃኒት ብቻ ስትሰጡኝ ይህን የነገረኝ ማን አለ?» ብለው ተቈጡ። ቍጣቸው ለእርሱ ሳይሆን ለሁላችንም ይመስለኛል።

ማታ ለእናታችን ስልክ መታሁ። ስለ ምርቃቱ አላነሣሁም።

«እማዬ፣ የኛ ጕድጓድ ከሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?» አለችና ዝም አለች። ቈይታም፣ «እስቲ ጠብቀኝ፣ ወጥቼ ልቍጠረው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።