የሳልስበሪ ልጅ ሮበርት ሴሲል

ስለ ማይጨው ዘመን ሲነሳ የሆርና የላቫል ስም አይቀርም። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1935 አገራችንን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ተስማሙ። ውሉን ያፈረሰው የእንግሊዝ ሕዝብ ቁጣ መሆኑንም እንሰማለን። ያን ሕዝብ ለዓመታት ሲያነቃ የኖረውን ሰው ግን የሚያነሳልን ብዙ ጸሐፊ የለም።

ያ ሰው፣ ሮበርት ሴሲል፣ በ1864 ተወለደ። ዘሩ ከቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ጀምሮ ከዙፋን አልራቀም። አባቱ፣ የሳልስበሪው ማርኩዊስ፣ ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ ሥልጣኑን የተረከበው ባልፎር ደግሞ የሮበርት የአክስት ልጅ ነው። በሃትፊልድ ቤታቸው ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በማዕድ ላይ ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት እንደ አዋቂ ይከራከሩ ነበር።  ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ሹመት አያስጎመጀውም፤ ሮበርትም በ1927 በባሕር ኃይል ቅነሳ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ሳይስማማ ሲቀር ሚኒስትርነቱን ጥሎ ወጣ።

ይህ ቤተሰብ ከእኛም ጋር ይተዋወቃል። ከዓድዋ ማግስት የእንግሊዝ መንግሥት በሱዳን ወደ ዶንጎላ ጦር ያዘመተው በሳልስበሪ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ምክንያት ከሰላ ላይ የተጨነቀውን የጣልያን ጦር ለማገዝ ነበር። በዓመቱ፣ በ1897፣ ከአፄ ምኒልክ ጋር ሊዋዋል አዲስ አበባ ከገባው፣ በሮድ ከተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ውስጥ አንዱ የሮበርት ታናሽ ወንድም ኤድዋርድ ነበር።

የኤድዋርድ አንድያ ወንድ ልጅ ጆርጅ በሴፕቴምበር 1914 ፈረንሳይ ውስጥ ሲወድቅ ገና 18 ዓመቱ ነው። እናቱ ሞቱን ሳታረጋግጥ ሳምንታት ቆየች፤ በመጨረሻ አስከሬኑ ከሌሎች ወታደሮች ጋር ከተቀበረበት የጋራ ጉድጓድ ተገኘ። ያኔ ሮበርት ፓሪስ ውስጥ ለቀይ መስቀል የቆሰሉና የጠፉ ወታደሮችን ያፈላልግ ነበር። ጦርነቱ ሳያልቅ የሳልስበሪ አምስት የልጅ ልጆች አለቁ። ሮበርት በ1916 ጦርነትን የሚከላከል የመንግሥታት ማኅበር እንዲቋቋም ጽሑፍ ያቀረበው በዚህ ሐዘን መካከል ነው። በ1919ም የማኅበሩን ቃል ኪዳን ካረቀቁት አንዱ ሆነ።

በዚያው ጦርነት ጀርመን ላይ የተጣለውን የንግድ እገዳ በሚኒስትርነት የመራው እሱ ነው። እገዳ አገርን እንዴት እንደሚያንበረክክ ከእጁ ሥራ ያውቃል። በ1934ና በ1935 ማኅበሩን የሚደግፈው ድርጅቱ ግማሽ ሚሊዮን ያህል በጎ ፈቃደኞችን አሰማርቶ በየደጃፉ የጥያቄ ወረቀት አስሞላ። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰ። አንድ መንግሥት ሌላውን ቢወር በኢኮኖሚ ይቀጣ ወይ ለሚለው ከ10 ሚሊዮን በላይ አዎ አሉ፤ ጦር ይዝመትበት ወይ ለሚለው ደግሞ ከ6 ሚሊዮን በላይ። ውጤቱ በጁን ተነገረ፤ በኦክቶበር ሙሶሊኒ መረብን ተሻገረ። ሆርን ከወንበሩ ያነሳው ቁጣ በነዚህ ደጃፎች ላይ የተኮተኮተ ነው።

ቁጣው አገራችንን ግን አላዳነም። ማኅበሩ በጣልያን ላይ ከጣለው እገዳ ነዳጅ ውጭ ሆነ፣ የስዊዝ ቦይም ክፍት ቀረ። ያለ ነዳጅ የጣልያን ካሚዮንና አውሮፕላን የት ይደርስ ነበር? ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ በማኅበሩ ፊት ከተናገሩ በኋላ የተረፈውም እገዳ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ።

ሴሲል በ1937 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። በ1958 በ94 ዓመቱ ሲሞት ልጅ አልነበረውምና የራሱ ማዕረግ አብሮት አከተመ። የዚያን ዘመን ታሪካችንን የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ለአገራችን የተሟገተችውን ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ስታነሱ እሱንም አንሱልን።